ስድሳ ሲሞላ ሥራ ይቆማል? ስለ ዕድሜ፣ ጤናና የመሥራት አቅም

አገራችን ውስጥ የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። የመንግሥት ሠራተኛም ሆነ በግል ድርጅት የተቀጠረ ሰው ቀኑ ሲደርስ ደብዳቤ ይሰጠዋል። ሽኝት ይዘጋጅለታል፣ ጋቢ ይለብሳል፣ ፎቶ ይነሳል። ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ግን ቤት መዋል ይሰለቸዋል። ኪሱም ይሳሳል። "እስቲ ቀለል ያለ ነገር ፈልጉልኝ" ማለት ይጀምራል።

ደሴ ላይ ያ "ቀለል ያለ ነገር" ብዙ ጊዜ ጥበቃ ነው። ሲያስተምሩ የኖሩት፣ ንብረት ክፍል የነበሩት፣ መኪና ሲነዱ ያረጁት ጋሼዎች ካፖርት ደርበው የአንድ ሕንፃ በር ላይ ያድራሉ። "ምን አለው፣ መቀመጥ እኮ ነው" ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የሌሊት ጥበቃ ለስድሳ ዓመት ሰው ከሚሰጡ ሥራዎች ከከባዶቹ አንዱ ነው። ምክንያቱን ትንሽ ቆይተን እናየዋለን።

ጡረታ የሚባል ነገር የማያውቀው ሰው ደግሞ ይበዛል። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ጉሊት የምትቸረችረው፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው፣ ጫኝና አውራጁ። ለእነሱ 60 ምንም ማለት አይደለም። የስንብት ደብዳቤውን የሚጽፍላቸው ጉልበታቸው ነው።

ጡረታ ያለውም ቢሆን ሒሳቡ ራሱ ወደ ሥራ ይመልሰዋል። በሥራ ዘመኑ በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። 10 ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሠራተኛ የሚያገኘው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ለሠራበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እንግዲህ 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ይደርሰዋል ማለት ነው። ገቢው በግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ የጤፍ ዋጋ ግን ጡረታ አይወጣም።

ስለዚህ "ሽማግሌ ይሥራ ወይስ ይረፍ?" የሚለው ክርክር ለብዙ ቤት ትርፍ ነው። ይሠራል። ቁም ነገሩ ምን ሠርቶ፣ እንዴት ሠርቶ፣ እስከ መቼ የሚለው ነው።

አቅም የማን ነው?

በዚህ ጉዳይ ብዙ የለፋችው አገር ፊንላንድ ናት። ተመራማሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ1981 ዕድሜያቸው ከ44 እስከ 58 የሆኑ 6,257 የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞችን መዝግበው እስከ 1992 ተከታተሉ። ጽዳት ሠራተኛ አለበት፣ ነርስ አለበት፣ መምህር አለበት፣ የቢሮ ሰው አለበት። ማን በሥራው ላይ ጸንቶ ይቆያል? ማንስ ቀድሞ ይወድቃል? ለምን? የጥናቱ መሪ ዩሃኒ ኢልማሪነን ይባላል።

ከዚያ ሥራ የወጣው ዋና ሐሳብ ቀላል ነው። የመሥራት አቅም የሰውየው ብቻ ንብረት አይደለም። ሰውነቱ የሚሰጠውና ሥራው የሚጠይቀው ሲገናኙ የሚፈጠር ነገር ነው። አንድ ዓይነት የታመመ ጉልበት ያላቸውን ሁለት ሰዎች አስቡ። አንዱ ሰኞ ገበያ እህል ይሸከማል። ሌላው ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ይሸጣል። ሕመሙ አንድ ነው። የመጀመሪያው መሥራት አይችልም፤ ሁለተኛው ግን ሌላ አሥር ዓመት ይሠራል።

ኢልማሪነን ይህን በባለ አራት ፎቅ ቤት መስሎ ያስረዳዋል። ታችኛው ፎቅ ጤናና የሰውነት ብቃት ነው። ሁለተኛው ዕውቀትና ሙያ። ሦስተኛው የሰውየው ፍላጎት፣ ለሥራው ያለው ስሜት። ከላይ ያለው አራተኛው ፎቅ ሥራው ራሱ ነው፤ ሰዓቱ፣ ክብደቱ፣ ቦታው፣ አለቃው። አራተኛው ሲከብድ የታችኞቹን ይጫናቸዋል። ቤተሰቡና ከተማው ደግሞ በዙሪያው አሉ።

እኛ ዘንድ አንድ ትልቅ ሰው ሥራ ሲያቅተው ወሬው ሁሉ ስለ ታችኛው ፎቅ ነው። "ደከመ"፣ "አረጀ"፣ "ግፊት አለበት" ይባላል። አራተኛውን ፎቅ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። የፊንላንዱ ጥናት ግን በ50ዎቹ ዕድሜ አቅማቸው ከተሻሻለላቸው ሰዎች ጀርባ ሦስት ነገር አገኘ። አንደኛ፣ የአለቃው ለትልልቅ ሠራተኞች ያለው አመለካከት ጥሩ ሆኗል። ሁለተኛ፣ ተደጋጋሚ የእጅና የሰውነት እንቅስቃሴ ቀንሶላቸዋል። ሦስተኛ፣ ከሥራ ውጪ ሰውነታቸውን ማንቀሳቀስ ጨምረዋል። ከሦስቱ ሁለቱ ሥራው በኩል ናቸው። ይኼ ለኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው።

ራስን ለመለካት የተዘጋጀ መጠይቅም አላቸው። ውጤቱ ከ7 እስከ 49 ነው፤ ከ28 በታች ከሆነ ደካማ ይባላል። መጠይቁን በሙሉ ሳይሞሉ ከውስጡ ሁለት ጥያቄ ብቻ ቢወስዱ ይበቃል። በሕይወትዎ ጎበዝ ከነበሩበት ጊዜ ጋር ሲያነጻጽሩት፣ ያ ጊዜ 10 ከሆነ ዛሬ የመሥራት አቅምዎ ስንት ነው? ጤናዎን ሲያዩት ከሁለት ዓመት በኋላ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ይመስልዎታል? ሁለተኛውን ጥያቄ 50 ዓመት ላይ መጠየቅ ነው የሚሻለው። 60 ላይ ሲጠየቅ መልሱ ቢገኝም ጊዜው ያጥራል።

ሰውነት ምን ይቀንሳል?

የልብና የሳንባ ትልቁ አቅም ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ 10 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል። እናስላው። አንድ የቀን ሠራተኛ በ30 ዓመቱ አቅሙ 100 ነበር እንበል። ሥራው ከዚያ 40ውን ይወስድበታል። 60 ሲሞላ አቅሙ ወደ 73 ወርዷል። ሥራው ግን አሁንም 40 ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ያኔ 40 በመቶ የነበረው ዛሬ 55 በመቶ ሆኗል። ሲሚንቶው አልከበደም፤ ከሰውየው የሚወስደው ድርሻ ነው የጨመረው። የሙያ ጤና ሰዎች ለስምንት ሰዓት ሥራ የሚመክሩት ከአቅም ሲሶ ገደማ እንዳያልፍ ነው። "ድሮ እሠራው የነበረ ሥራ ነው፣ ምን ነካኝ?" የሚል ሰው መልሱ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አለ።

ደሴ ላይ ደግሞ አቀበቱ አለ። ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሜዳ የሚባል ነገር ብርቅ የሆነበት ከተማ ነው። ሰው አቀበቱን ይፈራል። ለጉልበት ግን ቁልቁለቱ ይብሳል፤ ስንወርድ የሰውነታችንን ክብደት የሚይዘው የጭን ጡንቻ ነው፤ እሱ ሲደክም ጫናው ጉልበት ላይ ይወድቃል። ዕቃ ተሸክሞ መውረድ ሲጨመርበት አስቡት።

ኮምቦልቻ ወረድ ብላ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ችግሯ ሙቀት ነው። ዕድሜ ሲገፋ የውኃ ጥም ስሜት ይደክማል፣ ላብም እንደ ድሮው አይወጣም። ፀሐይ ላይ የሚሠራ ትልቅ ሰው ሳይጠማውም መጠጣት አለበት። ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ሐኪሙን ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

የማይቀንስም አለ። የፍጥነት ነገር ከወጣትነት ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል። የቋንቋና የሙያ ዕውቀት ግን እስከ 60ዎቹ ይጸናል፣ እንዲያውም ይጨምራል። ቲሞቲ ሶልትሃውስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 የታይፕ ጸሐፊዎችን ፈተነ። ትልልቆቹ እጃቸው ከወጣቶቹ ይዘገያል። ነገር ግን የሚጽፉት እኩል ፍጥነት ነው። እንዴት? ዓይናቸው ገና ያልተጻፈውን ቀድሞ ያነባል። የሀረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ዕድሜውን ሙሉ ሲወርድ የኖረ ሹፌርም እንዲሁ ነው። ወጣቱ ኩርባው ላይ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል፤ እሱ ኩርባው ሳይታይ ማርሽ ቀንሷል።

ዓይን፤ ርካሹ መፍትሔ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ብዙ ሰው ሥራ የሚያቆመው በማይገባ ምክንያት እዚህ ጋ ነው።

ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ ይደርቃል። የቅርብ ነገር ይደበዝዛል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሁሉም ላይ ይደርሳል። ከዚህ ሌላ፣ 60 ዓመት የሆነው ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ በአንዲት ደብዛዛ አምፖል ሥር የሚሰፋ ልብስ ሰፊ "ዓይኔ ከዳኝ" ሲል ግማሹ ጥፋት የአምፖሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አለ። ሕንድ አሳም ውስጥ 751 የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ተመረጡ፤ ሁሉም ከ40 በላይ ናቸው። ለግማሾቹ የቅርብ መነጽር በነፃ ተሰጣቸው። ግማሾቹ ጥናቱ እስኪያልቅ እንዲጠብቁ ተደረገ። መነጽር ያደረጉት ምርት ካላደረጉት በ22 በመቶ ገደማ በለጠ። ከ50 በላይ በሆኑት መካከል ልዩነቱ ከ30 በመቶ አለፈ። ልብ በሉ፣ ይህ ቅጠል መልቀም ነው። መርፌ ላይ ክር ለሚያስገባ፣ ለውዝና ምስር ለሚለቅም፣ ጥልፍ ለሚሠራ ሰውስ?

ይሁን እንጂ እኛ ዘንድ መነጽር የተማረ ሰው ነገር ይመስላል። ጉሊት ላይ መነጽር አድርጋ የምትመዝን እናት ብዙም አትታይም። ልጆቿ ስልክ ሲገዙላት መነጽር ትዝ አይላቸውም።

መነጽር ያልፈታው ብዥታ ሲኖር ግን ሞራ ሊሆን ይችላል። የዓይን ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚነሳ ነገር ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ስለሆነ ለደሴ ሰው ሩቅ አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ዓይኑ ደህና ቢመስለውም በዓመት አንዴ መታየት አለበት፤ ስኳር የዓይንን የደም ሥር የሚጎዳው ድምፅ ሳያሰማ ነው።

ጆሮና ደረት፤ የፋብሪካ ከተማ ጣጣ

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ቆዳው፣ ቢራው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። በእንዲህ ያለ ከተማ የ60 ዓመቱ አቅም የሚወሰነው በ30 ዓመቱ ነው። ሁለት ነገር ልጥቀስ።

አንዱ ድምፅ ነው። በስምንት ሰዓት ሥራ 85 ዴሲቤል ካለፈ ጆሮ ይጎዳል። የሽመና ማሽን ክፍል በየትም አገር ቢሆን ከዚያ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። መለኪያ ባይኖርም አንድ ክንድ ያህል ርቆ ለቆመ ሰው መጮኽ ካስፈለገ ድምፁ አልፏል ማለት ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይመለሱም። የጆሮ መሸፈኛ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ብዙ ወጣት ግን ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። አርባ አምስት ሲሞላው ሰው በተሰበሰበበት ቦታ የሚባለው አይሰማውም፣ መልስ ይሳሳታል። ዘመድ "ኮራ" ይለዋል። አለቃው "አይገባውም" ይለዋል። ሥራ የሚያጣው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው የጥጥ ብናኝ ነው። ጥጥ በሚፈታበትና በሚበጠርበት ክፍል ለዓመታት የሚሠራ ሰው ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ምልክቱ ለየት ይላል። ከዕረፍት ተመልሶ ሰኞ ሲገባ ደረቱ ይጨመቃል፤ ማክሰኞና ረቡዕ ይቀለዋል። ስለዚህ "ብርድ ነው" ብሎ ይተወዋል። መጀመሪያ ላይ ከብናኙ ከራቀ ይድናል። ችላ ሲባል በሳምንቱ ሁሉም ቀን ይሆንና ይጸናል። ሰኞ ሰኞ የሚጨመቅ ደረት ያለው ሰው ለሐኪሙ የሚሠራበትን ክፍል ጭምር ይንገር፤ ሐኪሙ ካላወቀ አስም ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

የፋብሪካ ሥራ የሌላቸው እናቶችም ከጭስ አያመልጡም። በእንጨትና በኩበት ስትጋግር የኖረች ሴት ሲጋራ ሳታጨስ ሳንባዋ እንደ አጫሽ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ጭሱን ከሞራም ጋር ያያይዘዋል። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ቢሆን፣ ከፍ ብሎ በወገብ ልክ ቢቀመጥ፣ ሁለት ችግር ባንዴ ይቀላል። አንዱ ጭስ፣ ሌላው ማጎንበስ።

ግፊትና ስኳር፤ ሳያመን የሚጥሉን

የደም ግፊት በተደጋጋሚ ተለክቶ ከ140/90 ካላነሰ ግፊት አለ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት የለውም። "ሲነሳብኝ አውቀዋለሁ፣ ማጅራቴን ይይዘኛል" የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ መድኃኒቱን የሚውጡትም ማጅራታቸውን ሲይዛቸው ብቻ ነው። ይኼ አደገኛ ነው። ግፊት የሚጥለው ባልተሰማን ቀን ነው። ስትሮክ ደግሞ በአንድ ጠዋት ሰውን ከእጁም ከአፉም ሥራ ሊያወጣ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ስለ መሥራት አቅም ማውራት ይከብዳል።

መለኪያው ጤና ጣቢያ አለ፣ ፋርማሲም አለ። ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይባላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። ድስቱ፣ ሚጥሚጣው፣ በቡና ውስጥ ጨው የሚጨምርም ካለ እሱም ተደምሮ ነው። ጸበሉም ዱዓውም ከመድኃኒቱ ጋር ይሂድ፤ ኪኒኑን ተክተው አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ከመጾሙ በፊት የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል።

ደመወዝተኛ ላልሆነው ሰው ወጪውን የሚያቀልለት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ነው። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከጀመሩት 13 ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበር። ጤነኛ ሆኖ መዋጮ መክፈል ሰውን ይከብደዋል። የግፊት መድኃኒት ግን በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ ነው።

አሁን ወደ ጥበቃው እንመለስ

የሌሊት ጥበቃ ለምን ከባድ ሆነ? ዕድሜ ሲጨምር እንቅልፍ ይሳሳል፤ ቀን ተኝቶ ማካካስም ይከብዳል። ሰውነት ሌሊት ግፊቱን ዝቅ የሚያደርግበት የተፈጥሮ ሥርዓት አለው፤ ነቅቶ ማደር ያንን ያናጋል። የምግብና የመድኃኒት ሰዓት ይዘበራረቃል፤ ይህ ስኳር ላለበት ሰው ቀጥተኛ ጉዳት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴን ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት ይያዛል። ጫት ደግሞ ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ ሲነጋም እንቅልፍ ይከለክላል። ብዙ ሰዓት መቀመጥም ለጡንቻ ዕረፍት አይደለም፤ የማይሠራ ጡንቻ ይቀልጣል።

እና ሰውየው ከመምህርነት ጡረታ የወጣው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በሁለት ዓመት ጥበቃ ይጎብጣል። ከዚያ "ጡረታ ገደለው" ይባላል።

አንድ ድርጅት ጥበቃውን ቀን ለትልልቆቹ፣ ሌሊት ለወጣቶቹ ቢመድብ ምን ያህል ይጎድልበታል? ብዙም አይጎድልበትም። እንግዳ የሚቀበል፣ የሚያስረዳ፣ ሰው በወጉ የሚያናግር ሰው የሚፈለገውም ቀን ነው።

ሥራውን ማስተካከል ሲባል ትልቅ ገንዘብ የሚመስለው አለ። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2007 ጀርመን፣ ዲንጎልፊንግ ባለው ፋብሪካው አንድ ሙከራ አደረገ። በአንድ የመገጣጠሚያ መስመር ላይ አማካይ ዕድሜያቸው 47 የሆኑ ሠራተኞችን መደበ፤ ከዓመታት በኋላ የፋብሪካው ሠራተኛ አማካይ ዕድሜ እዚያ እንደሚደርስ አስልቶ ነው። ከዚያ ሠራተኞቹን ራሳቸውን "ምን ያሰቃያችኋል?" ብሎ ጠየቀ። 70 ያህል ትንንሽ ለውጦች መጡ። ከሲሚንቶ ወለል ይልቅ የእንጨት ወለል። ቁመቱ ከፍና ዝቅ የሚል ወንበርና ጠረጴዛ። ማጉያ መነጽር። ትልቅ ፊደል። በፈረቃው መሃል ሥራ መቀያየር። ጠቅላላ ወጪው 40,000 ዩሮ ገደማ ነበር፤ ለእንደዚያ ያለ ድርጅት ምንም ማለት አይደለም። በአንድ ዓመት ምርታማነቱ በ7 በመቶ ጨመረ።

ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሱፐርቫይዘር ነገ ጠዋት ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው በነፃ ነው።

በመቻልና ባለመቻል መሃል

አንድ ጎደሎ አሠራራችን እዚህ ላይ ይታያል። የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ከ11ዱ ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች። ፕሮግራሙ ሰዉን በሁለት ይከፍላል፤ መሥራት የሚችሉ በአካባቢ ልማት ይሠራሉ፣ የማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ለጀማሪ አሠራር ጥሩ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ከ60 በላይ ያለ ሰው መሃል ላይ ነው። በቀን አራት ሰዓት ይችላል፣ ስምንት አይችልም። ተቀምጦ ይችላል፣ ተሸክሞ አይችልም። ጡረታውም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ሙሉ ሠራተኛ፣ ነገ ጡረተኛ። መሥሪያ ቤቶች ሙያውን ሲፈልጉ አገልግሎቱን የሚያራዝሙበት መንገድ አለ፤ የሚጠቀሙበት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ሁለተኛው ፎቅ፣ ሙያ፣ እዚህ ይመጣል። ሸማኔው 52 ዓመት ላይ ሆኖ ልጅ ማስተማር ቢጀምር፣ 60 ሲሞላ ጥበቡን የሚያወጣው እሱ፣ የሚረግጠው ወጣቱ ይሆናል። ባለ ሱቋ እናት ቴሌብር መቀበል ባለመቻሏ ደንበኛ ወደ ጎረቤት ሲሄድባት የሚጎድላት ጤና አይደለም። የልጅ ልጇ ቁጭ ብሎ ቢያሳያት ያልቃል። ነጥቆ ሠርቶ መመለስ ማስተማር አይባልም።

ጡንቻ በማንኛውም ዕድሜ

እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ ጥቂት ሰዎች ለ8 ሳምንት እግራቸውን በክብደት አሠሩ። የጭናቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም ተከትለውት የመጡት ሌሎች ያንኑ አሳዩ። "ከዚህ በኋላማ" የሚባል ዕድሜ የለም፤ አብሽሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ከ65 በላይ ለሆነ ደግሞ ሦስት ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅ ልምምድ ይጨምርበታል። የደሴ ሰው በእግሩ ስለሚሄድ የመጀመሪያውን ሳያውቀው ይሞላዋል። የሚጎድለው ሁለተኛው ነው።

ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። መደገፊያ እጅ የሌለው ወንበር ግድግዳ ላይ ያስጠጉ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ስንቴ ተነስተው እንደሚቀመጡ ይቁጠሩ። ከ60 እስከ 64 ዓመት ላለ ወንድ ከ14 በታች፣ ለሴት ከ12 በታች ከሆነ የእግር ጉልበት ቀንሷል። ፈተናው ራሱ መድኃኒቱ ነው፤ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ጥቂት ጥቂት ቢነሱና ቢቀመጡ ከሳምንታት በኋላ ቁጥሩ ይለወጣል። ደረት የሚያመው ወይም የሚያዞረው ሰው መጀመሪያ ሐኪም ይይ።

ወሎ ላይ ሌላም መለኪያ አለን። ሶላት የሚሰግድ ሰው ሱጁድ ወርዶ ይነሳል። ስግደት የሚሰግደውም እንዲሁ። ከመሬት መነሳት ሲከብድ ብዙዎች መስጊድ ውስጥ ወንበር ይፈልጋሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መቋሚያው ላይ ይደገፋሉ። ምንም ነውር የለውም። ነገር ግን የመጀመሪያው ደወል እሱ ነው፤ ወንበሩ ሲመጣ ልምምዱም አብሮ ይምጣ። ምግቡም ላይ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው አይቅር። ሻይና ዳቦ ብቻ የሚበላ ሽማግሌ ቢለማመድም ጡንቻ የሚሠራበት ነገር አያገኝም።

ሥራ ከመቀበል በፊት

አባትዎ ወይም እናትዎ አዲስ ሥራ ሊጀምሩ ከሆነ ደመወዙን ብቻ አይጠይቁላቸው። ሰዓቱ ቀን ነው ሌሊት? በፈረቃ ከሆነ ስንት ቀን ይፈራረቃል? የሚቀመጡበት ወንበር መደገፊያ አለው? መብራቱ ለማንበብ ይበቃል? ሸክም ካለ ስንት ኪሎ ነው፣ ጋሪስ አለ? ለክትትል ሆስፒታል የሚሄዱበት ቀን ይፈቀድላቸዋል?

ሽንት ቤቱስ የት ነው? ይኼን ማንም አይጠይቅም። በ60ዎቹ ያለ ወንድ ፕሮስቴቱ ስለሚያድግ ሌሊት ደጋግሞ ይወጣል፤ ብዙ እናቶችም ሽንት መያዝ ይቸግራቸዋል። ሽንት ቤቱ ከተቆለፈ ወይም ሩቅ ከሆነ ውኃ መጠጣት ይተዋሉ። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ውኃ መተው ኩላሊትን ይጎዳል። ትልልቆቹ ይህን አፍ አውጥተው አይናገሩም፤ ስለዚህ ልጅ ቀጣሪውን ይጠይቅላቸው። ቁልፉም በእጃቸው ይሁን።